ያውቁ ኖሯል? ከጥላሸት የሚወጣው ብርሃን

የሻማ ጥላሸት ግድግዳ ከማጥቆር ያለፈ ሙያ ያለው አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ግን ይህንኑ ጥላሸት በናይትሪክ አሲድ አፍልቶ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር በተለያየ ቀለም የሚያበሩ የካርቦን ቅንጣቶችን ለይቶ አወጣ። ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ከ10 ናኖሜትር ያነሱ ናቸው፤ አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ተደምሮ ገና አንድ ሚሊሜትር ነው።

መጀመሪያ የተገኙት እንዲያው በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የካርቦን ናኖቱቦችን (እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎችን) ከጥላሸት እያጠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ያልፈለጉት ተረፈ ምርት ሲያበራ አዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የያ-ፒንግ ሱን ቡድን የቅንጣቶቹን ገጽ በፖሊመር ሸፈነው፤ ያን ጊዜ ደምቀው አበሩ። «የካርቦን ነጥቦች» የተባሉትም ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የብርቱካኑ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሕንድ ተመራማሪዎች የብርቱካን ጭማቂ ከኤታኖል ጋር ቀላቅለው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ሰዓት ተኩል አበሰሉት። ስኳሩና አሲዱ ከስለው የሚያበሩ ቅንጣቶች ሆኑ። የአጥንት ካንሰር ሕዋሳት ቅንጣቶቹን ሲውጡ በማይክሮስኮፕ ሥር ቦግ ብለው ታዩ።

ሕዋሳትን እንዲህ ለማየት ካርቦን የሚመረጠው በደህንነቱ ነው፤ ነባሮቹ የሚያበሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ኳንተም ዶቶች፣ ብዙውን ጊዜ መርዛማውን ካድሚየም ይይዛሉ። እንከን ግን አያጣም፦ አብዛኞቹ የካርቦን ነጥቦች የሚያበሩት በሰማያዊ ነው፣ ሕዋሳት ደግሞ ራሳቸው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይረጫሉ፤ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ናይትሮጅን እየጨመሩ ብርሃኑን ወደ ቀይ ለመግፋት ይሞክራሉ፤ ቀይ ብርሃን ሥጋን ዘልቆ ያልፋልና።