ልቡ ለሚዋልል ወጣት

በግራና ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ጠዋት የአባቱን ማሳ፥ ቀትር ላይ ወልድያን፥ ማታ ደግሞ የዓረብን አገር ሲያስብ ዓመቱ ቢያልፍበት ምን እንመክረዋለን? እኛስ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ እንዲያነብ እንመክረዋለን።

አርአያ የባላገር ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር ተሻግሮ ተማረ፤ ነገር ግን ትምህርቱ ዕውቀት እንጂ ቁርጥ አሳብ አልሰጠውም። «በዚሁ ልቅር ወይስ ልመለስ?» እያለ ልቡ ዋለለ፤ በመጨረሻም ወደ አገሩ ተመለሰ። ከተመለሰም በኋላ የአሮጌውና የአዲሱ ልማድ ግጭት ጠበቀው። እንግዲህ ሰውን የሚያጸናው «ምን ይመቸኛል?» ማለቱ ሳይሆን «ለማን እጠቅማለሁ?» ማለቱ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ባላ የሚተከለው ሊንጠለጠሉበት እንጂ በሁለቱ መካከል ቆመው ሊውሉ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፥ ለልጃችሁ አትቁረጡለት፤ ዝም ብላችሁም አትተዉት። አንድ ጥማድ ማሳ ለአንድ ክረምት በኃላፊነት ስጡትና በመከር ጊዜ አብራችሁ ተነጋገሩ። እርሻው ባይሆንለት እንኳ፥ ያልሆነለትን ዐውቆ ወደ ሌላው ይሄዳል። እጅ ሥራ ሲጀምር ልብም ይቆርጣልና።