ከብቱ ገበያ ቆሞ ሳለ የሚመጣ ደረሰኝ

የስልክ ማጭበርበር ሲነሳ ብዙ ነጋዴ የሚያስበው ስለ ኮምፒውተር ሊቅ ነው። የከብት ነጋዴን ገንዘብ የሚወስደው ሰው ግን ያን ያህል እውቀት አያስፈልገውም። የነጋዴን ጠባይ ማወቅ ይበቃዋል።

ጁባን እንውሰድ። ከተረከካ የመጣ የሙንዳሪ በሬ ወይም በኒሙሌ በኩል ከኡጋንዳ የገባ ፍየል ገበያ ባደረ ቁጥር የመኖ፣ የውሃና የጠባቂ ወጪ አለው፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ሻጩ ቸኩሏል። ገዢው በዚህ ሰዓት «አዲስ አበባ ወንድምህ አካውንት ውስጥ አስገብቻለሁ» ብሎ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ያሳያል። ሻጩ ሽያጩ እንዲያልቅለት ስለሚፈልግ ፎቶውን አይቶ ያምናል። ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር መቀየር ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በቃል መተማመን ለለመደ ሰው «ቆይ ላጣራ» ማለት ነውር ይመስለዋል፤ ደላላው አጠገብ ቆሞ ሲያይማ ይብሳል። የጁባ ዐረብኛና ባሪ በሚነገርበት ገበያ ገዢው አማርኛ ከተናገረ፣ «ያገር ልጅ ነው» ተብሎ ጥርጣሬው ጭራሽ ይረሳል።

ሌላው መንገድ ፍርሃት ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ አካውንትህ ሊዘጋ ነው፣ አሁን በመልእክት የገባልህን ቁጥር ንገረኝ» ይላል ደዋዩ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው እንደሚከብደው አሳይተዋል። ሽልማት ደርሶሃል ሲሉት የሚስቅ ነጋዴ፣ ገንዘብህ ሊጠፋ ነው ሲሉት የሚስጥር ቁጥሩን የሚናገረው ለዚህ ነው።

«ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ብዙም አይረዳም፤ የቸኮለ ሰው ምክር አያስታውስም። የሚሻለው ገበያ ከመግባት በፊት፣ ልብ ረግቶ ሳለ ደንብ ማውጣት ነው። አገር ቤት ያለው ዘመድ ሂሳቡን ራሱ ከፍቶ (ቴሌብር ከሆነ *127# ደውሎ) ገንዘቡን ካላየ፣ ጁባ ያለው ሰው ከብቱን አያስረክብም። ማረጋገጫውም በድምፅ፣ ስልኩ ላይ ቀድሞ በተመዘገበ ቁጥር ተደውሎ ይሁን። ገዢው ቅር ቢለው «የቤታችን ደንብ ነው» ይባላል፤ ነውሩም ከሻጩ ላይ ይወርዳል።

የተጭበረበረ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል። ያው ሰው በዚያው ቀን፣ በዚያው ስክሪንሾት ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሄዳል። የሚስጥር ቁጥሩን የሰጠ ደግሞ ለባንኩ ወዲያው ከደወለ ገንዘቡ ሳይወጣ የማሳገድ ዕድል አለው፤ «ለማን እነግራለሁ» እያለ ካመሸ ግን ተከፋፍሎ ወጥቶ ይጠብቀዋል።