ዳገቱን የሚይዘው ቁጥቋጦ

የምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ወርቅ በስሟም ተራራ ናት፤ በግዕዝ «ደብር» ተራራ ማለት ነውና። በብቸናና በሞጣ በኩል ያለው ደጋ የጤፍና የስንዴ ሜዳ ቢበዛውም፣ ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ሲወርድ እየተቆራረጠ ገደል ይሆናል። ያንን ቁልቁለት ለመያዝ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተከላው የአገር ጉዳይ ሆኗል። በአብዛኛው ዓይን የሚገባው ረጅሙ ዛፍ ነው፤ የተዳፋቱን አፈር ከጎርፍ የሚታደገው ግን ይበልጡን ዝቅ ያለው ቁጥቋጦና ከእግሩ ሥር ያለው ሣርና የረገፈ ቅጠል ነው።

አንዲት የዝናብ ጠብታ ከ8 ወይም ከ9 ሜትር ከፍታ ከወደቀች ከደመና የመጣችውን ያህል ለመፍጠን ጥቂት ነው የሚቀራት። ረጅም ዛፍ ቅጠሉ ላይ ያጠራቀመውን ውሃ ወፈር ባለ ጠብታ ይለቀዋል። ታቹ ባዶ መሬት ከሆነ ጠብታው አፈሩን ይፈነቅላል፤ የተፈነቀለው ጭቃ የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውሃውም መስረጉን ትቶ ቁልቁል ይሮጣል። ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ በቆመበት፣ ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ በሚወሰድበት ዳገት አፈሩ ታጥቦ የዛፉ ሥር ተገልጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ክትክታ የተባለው ቁጥቋጦ ግን ከመሬት ጀምሮ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ጠብታውን ከቅርብ ተቀብሎ በቀስታ ያወርደዋል። ቀጫጭን ሥር ደግሞ እንደ ውፍረቱ ሲመዘን ከወፍራሙ ይልቅ ለመበጠስ ያስቸግራል፤ አክርማ ስንደዶን ጠምጥሞ እንደሚይዝ አፈሩን ያያይዘዋል። ቁጥቋጦው በእርከን ጠርዝ በመደዳ ሲተከል ጎርፍ ያመጣው ገለባና ደለል ግንዶቹ መካከል ይቀራል፤ ከበላዩ ያለው መሬትም ዓመት በዓመት እየሞላ ቁልቁለቱ ይረግባል።

ገበሬው «ክትክታ ምን ያበላኛል?» ቢል እውነት አለው። ባሕር ዛፍ ምሰሶም ጥሬ ገንዘብም ነው፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩም ቶሎ አይሞትም። እሱን ንቀል ማለት አይገባም። ቅጠሉን መሬት ላይ መተው፣ አራርቆ መትከልና በመካከሉ ገቢ ያለው ቁጥቋጦ ማስገባት ግን ይቻላል፦ የጌሾ ቅጠል ገበያ ይወጣል፣ ትሪ ሉሰርን ለከብት መኖ፣ አበባው ለንብ ይሆናል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ይህ ሁሉ በአንድ በጋ ይበላል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረገ ተራራ ላይ ብዙው ቁጥቋጦ ማንም ሳይተክለው ተመልሶ ይበቅላል፤ ሣሩን ግን እያጨዱ መውሰድ ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የናዳ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይ በረሃን የሚያቋርጠው መንገድ በመሬት መንሸራተት ደጋግሞ ተጎድቷል። መሬቱ የሚንሸራተትበት ገጽ ከሥር ርዝመት በታች ጠልቆ ሲገኝ ቁጥቋጦም ሆነ ዋርካ አያቆመውም። እዚያ የሚቀድመው ውሃውን ወደ አፈሩ ሆድ ሳይገባ በቦይ ማስወጣት ነው፤ ክትክታው የሚተከለው ከዚያ በኋላ፣ የቦዩ ጠርዝ እንዳይናድ ነው።