ትልም ያለፈበት ዓይን

በወላይታ፣ በዳሞት ሶሬው ጉኑኖ ገበያ ላይ፣ በስሎ ከጠቆረ ሙዝ ወይም ከተከፈተ የቦርዴ እንስራ አጠገብ፣ ሰሊጥ የምታክል ባለ ቀይ ዓይን ዝንብ አትጠፋም። ሰው በእጁ ያባርራታል። እኔ ግን ዓይኗ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሁ ወዲህ ሳላያት አላልፍም።

አንዱ ዓይኗ ወደ 750 ከሚጠጉ ትንንሽ ዓይኖች የተገጠመ ነው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ 8 ሕዋሳት አሉ። ሥራው የሚጀመረው ዝንቧ ገና እጭ ሳለች፣ በውስጧ በታጠፈ ስስ የሕዋሳት ከረጢት ላይ ነው። ከከረጢቱ የኋላ ጫፍ አንድ ስርጉድ መስመር ይነሣና ወደ ፊት ይጓዛል። ተመራማሪዎች ስሙን ትልም ብለውታል፤ ለዳሞት ሶሬ ገበሬ ማብራሪያ አያሻውም። ይህን ትልም ግን የሚስብ በሬ የለም። ከኋላው የቀሩት ሕዋሳት ከፊት ላሉት መልእክት እየላኩ ወደ ፊት ይገፉታል። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አንድ አዲስ መደዳ ትንንሽ ዓይን ከኋላው ይሰለፋል፤ እርሻውም ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል።

በእያንዳንዷ ትንሽ ዓይን ቀድሞ የሚለየው 8ኛው ሕዋስ ነው፤ ቁጥሩ የመቀመጫው እንጂ የልደት ተራው አይደለም። አቶናል የተባለው ዘረመል ይመርጠዋል፤ እሱም ጎረቤቶቹን ይጠራል። 2ኛውና 5ኛው፣ ቀጥሎ 3ኛውና 4ኛው፣ ከዚያ 1ኛውና 6ኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። 7ኛው የመጨረሻ ነው።

ዶናልድ ሬዲ፣ ቶማስ ሃንሰንና ሲሞር ቤንዘር በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። እነዚህ ስምንቱ የአንዲት እናት ሕዋስ ልጆች አይደሉም። ማን ምን እንደሚሆን የሚወስነው ዘሩ ሳይሆን ጉርብትናው ነው። 7ኛው ሊሆን የታጨው ሕዋስ ከ8ኛው የሚመጣውን መልእክት የሚሰማበት ዘረመል ከተበላሸበት፣ ብርሃን ተቀባይ መሆኑ ይቀርና የዓይን ሌንስ ከሚሠሩት ሕዋሳት ጋር ይቀላቀላል። ያቺ ዝንብ እኛ የማናየውን አልትራ ቫዮሌት ብርሃን የምትለይበትን ሕዋስ ታጣለች። ለዚህም ነው ዘረመሉ «ሰባት አልባ» የተባለው።

ሕዋሳቱ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ብርሃን የሚይዝ ቀለም ይሞላባቸዋል። ቀለሙ ከቫይታሚን ኤ ጋር የተዛመደ ነው፤ ዝንቧ መነሻውን ከምግቧ እንጂ ከራሷ አታገኘውም። በወላይታ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ለሕፃናት ዓይን ይበጃል ተብሎ የሚመከረውም ይኸው መነሻ፣ ካሮቲን፣ ስላለበት ነው። ካሮቲን የሌለው ምግብ እየበላች ያደገች ዝንብ ስምንቱም ሕዋሳት በየቦታቸው ተሰልፈው ይገኙባታል፤ ብርሃን የመያዝ አቅማቸው ግን እጅግ ይደክማል።