በሞተር ቢሲክሌት ላይ የካሜራ ማስቀመጫ ስለ መሥራት
(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ የሆነ ወይም በየወረዳው እየተዘዋወረ የሚሠራ ባለሙያ፣ የመንገዱን ብልሽት በጽሑፍ ብቻ ከሚገልጽ ይልቅ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ለመሥሪያ ቤቱ ቢያቀርብ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ካሜራ የሚይዝ ነጂ ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል፤ በሞዴል 22 ፈርሞ የተረከበውን ካሜራም እንዲሁ። ስለዚህ ካሜራውን ከሞተር ቢሲክሌቱ ጋር የሚያያይዝ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። ይህም ከጋራዥ በሚገኝ ቁራጭ ላሜራና በጥቂት ብሎኖች ሊሠራ የሚችል ነው።

ብዙ ሰዎች የካሜራው ጠላት የመንገዱ ጉድጓድ ብቻ ይመስላቸዋል። ጉድጓድ ግን አንዴ አናግቶ ያልፋል፤ ሳያቋርጥ የሚጎዳው የሞተሩ ንዝረት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በዚያው ልክ ሻሲውንና መሪውን ያንቀጠቅጣል። አብዛኞቹ የዛሬ ካሜራዎች ደግሞ ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየመስመሩ ተራ በተራ ስለሚያነቡት፣ በዚያች ቅጽበት ከተንቀጠቀጡ ቀጥ ብሎ የቆመው የመብራት ምሰሶ እንደ እባብ ተጣምሞ ይታያል። በእጅ ስልኩ የሚያነሣም ሰው ይጠንቀቅ። የአፕል ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስታወቂያ፣ የኃይለኛ ሞተር ቢሲክሌት ንዝረት የስልኩን የካሜራ ማረጋጊያና ሥዕሉን የሚያጠራውን ክፍል ሊያበላሽ እንደሚችል ገልጿል። በማራቶን ውድድር ጊዜ ካሜራ ያዡ ከነጂው ኋላ ተቀምጦ ካሜራውን በትከሻው ተሸክሞ ይታያል። የሚያነሣው ሥዕል ረጋ የሚልበት አንዱ ምክንያት የሰው ገላ ራሱ ንዝረትን የሚውጥ በመሆኑ ነው። ከማስቀመጫችንም የሚፈለገው ይህንኑ የትከሻ ሥራ በመጠኑ እንዲሠራ ነው።

በመጀመሪያ የመሪው ውፍረት ይለካል፤ በብዙዎቹ 22 ሚሊሜትር ነው። መለኪያ የሌለው ሰው በመሪው ላይ ክር አንድ ጊዜ አዙሮ የክሩን ርዝመት ለ3.14 ቢያካፍል ያገኘዋል። ከዚያም 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ መሪውን ከላይና ከታች የሚያቅፉ ሁለት ቁራጮች ተቆርጠው በሞርሳ ይታጠፋሉ፤ ጫፎቻቸውም በትራፓኖ ተበስተው በብሎንና በዳዶ ይጠበቃሉ። ብረቱ እንዳይንሸራተት መሪው አስቀድሞ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ይጠመጠማል። ካሜራው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ላሜራ ከላይኛው ማቀፊያ ጋር ይታሰራል።

ብዙ ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ከፍ ብሎ እንዲያይ በማለት ረጅም ክንድ ያበጁለታል። የክንዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ግን መታጠፍን የመቋቋም ኃይሉ ወደ 1/8 ይወርዳል፤ ካሜራውም እንደ ሸምበቆ ጫፍ ይወዛወዛል። ስለዚህ ክንድ ከነጭራሹ ባይኖር ይመረጣል። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል በየማዕዘኑ ወፈር ያለ የጎማ ሮንዴላ ይግባ፤ ከብሎኑ ራስና ከዳዶው ሥርም እንዲሁ። ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ በጎማ ቱቦ ይለበጥ። ብረት ብረትን በአንድ ስፍራ እንኳ ከነካ ንዝረቱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ የጎማው ሁሉ ጥቅም ከንቱ ይሆናል።

በካሜራው ሥር ያለው ቀዳዳ በአብዛኛው የሚቀበለው ውፍረቱ 1/4 ኢንች፣ ጥርሱም በኢንች 20 የሆነ ብሎን ነው። ከብረታ ብረት መደብር በቀላሉ የሚገኘው የ6 ሚሊሜትር ብሎን ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን ስለማይገጥም በግድ ሲጠበቅ የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል። ብሎኑ ወደ ካሜራው የሚገባውም 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሁን፤ ረጅም ከሆነ የካሜራውን ወለል ይገፋል።

ማስቀመጫው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ካሜራው ያለ መጠባበቂያ ማሰሪያ መጓዝ የለበትም። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ ካሜራ በየሴኮንዱ 17 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ቢወድቅ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሊያቈስል ይችላል። አሮጌ የቢሲክሌት የፍሬን ሽቦ ለዚህ በቂ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከካሜራው፣ ሌላው ከመሪው ጋር ይታሰር፤ ርዝመቱም የተንጠለጠለው ካሜራ ከፊት ጎማው የማይደርስበት ይሁን።

ከመነሣት በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ በማዞር ማስቀመጫው የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ሽቦ እንዳይዝ መመልከት ያስፈልጋል። ካሜራውም ቆመን ሳለን ተከፍቶ፣ ቆመን ሳለን ይዘጋ። አዲስ ጎማ በመጀመሪያው ጉዞ ስለሚረግብ፣ ጥቂት ኪሎሜትር እንደ ተሄደ ዳዶዎቹ እንደ ገና ይጠበቁ። በዳዶውና በብሎኑ ላይ በቀለም አንድ መስመር ቢሰመር፣ መስመሩ የተቈረጠ ዕለት ዳዶው መላላቱ ቍልፍ ሳይነሣ በዐይን ይታወቃል።