ውሻው በእርግጥ አብዷልን?

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ተጓዥ በሰሜን ተራሮች ግርጌ አዲ አርቃይን ያገኛል። በዚያም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ውሻ ሥራ አለው፤ ከብት ይጠብቃል፤ ሌሊት ጅብ ያባርራል። ይህ ውሻ አንድ ቀን ምግብ ቢተው፣ ለሃጩን ቢያዝረከርክ፣ ቢንገዳገድና ቢንቀጠቀጥ ፍርዱ አይዘገይም፤ «አብዷል» ይባላል፤ ተገድሎም ይቀበራል። እኛ ግን ከዚህ የመጀመሪያ አስተያየት ቀጥሎ ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ልናስረዳ እንወዳለን።

የመጀመሪያው አስተያየት ከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሰውም ሆነ በውሻ ላይ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መፍራት ተገቢ ነው። ችግሩ እርሱን የሚመስል ሌላ በሽታ መኖሩ ነው። ዲስተምፐር የሚባለውን ይህን በሽታ የሚያመጣው ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ቫይረስ ነው። መንስኤው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ሾልኮ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም አንሪ ካሬ በ1905 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

ዲስተምፐር ብዙውን ጊዜ በዓይን አርና በንፍጥ፣ በሳልና በተቅማጥ ይጀምራል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ወደ አንጎል ሲዘልቅ ውሻው የሚያኝክ ይመስል መንጋጋውን ያንቀሳቅሳል፤ ጡንቻው ይርገበገባል፤ ይጥለዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ጠባይንና ድምፅን ይለውጣል፤ መንጋጋን ያንጠለጥላል፤ እግርን ሽባ ያደርጋል። በመጽሐፍ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በግቢ ውስጥ ግን ሳልም ንፍጥም ሳያሳይ የሚጥል ዲስተምፐር አለ፤ ማንንም ሳይናከስ ጥግ ይዞ የሚሞት እብድ ውሻም አለ። መርዝ የበላ ውሻም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ የሐኪም ዓይን ቢሆንም እንኳ።

የእብድ ውሻ በሽታን የሚያረጋግጠው የአንጎል ናሙና ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የፍሎረሰንት ምርመራ ቫይረሱን በማይክሮስኮፕ ሥር እያበራ ያሳያል። ናሙናው የሚወሰደው ግን ውሻው ከሞተ በኋላ ነው፤ ጭንቅላቱን በዱላ የተቀጠቀጠ ውሻ ደግሞ ማስረጃውን ይዞ ይጠፋል። ምርመራው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፤ ከአዲ አርቃይ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የዲስተምፐር ቫይረስ ግን ውሻው በሕይወት ሳለ ከዓይኑና ከአፍንጫው በሚወሰድ ናሙና ሊገኝ ይችላል። ለምክር ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ይቀርባሉ።

ሰው ከተነከሰ ግን የውሻው ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። ቁስሉ ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ተነካሹም ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ሥር ተቆፍሮ፣ ተቀጥቅጦ እስኪጠጣ መቆየት የሚያልፍ ጊዜን ማባከን ነው። የነከሰው ውሻ፣ ሐኪም ሌላ ካልወሰነ በቀር፣ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታያል፤ እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲናከስ ቫይረሱን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ከአንድ ግቢ ያልፋል። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ከዚያ በ2005 እና በ2006፣ እንደገናም በ2010 እ.ኤ.አ. ቀበሮዎቹ ሲረግፉ ገዳዩ ዲስተምፐር ሆኖ ተገኘ፤ በተጠቁት አካባቢዎች ከ43 እስከ 68 በመቶ የሚሆኑት ሞቱ። ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሰጥ ክትባት ከዲስተምፐር አያድንም። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም፣ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ የተወሰደው ከራሱ ከሰሜን ነው፤ እዚያም ቀበሮው የሚኖረው የእረኛ ውሾች በሚደርሱበት ደጋ ነው። የሞተው ውሻ ሁሉ «አብዶ ነው» ተብሎ ከተቀበረ፣ ዲስተምፐር ከመንደር ወደ ተራራው ሲወጣ ማንም አያውቅም።

ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ተማሪ ሁለተኛ ሐኪም ሲጠይቅ ይዞት የሚሄደው መረጃ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ቀድሞ ሳል ወይም ተቅማጥ መኖሩ፣ የተከተበበት ጊዜና የክትባቱ ዓይነት፣ ውሻው ማንን እንደነከሰ፣ በጎረቤት የታመሙ ሌሎች ውሾች ብዛት። ለሃጩን ግን ማንም በእጁ አይንካ።