ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና ቁምስና በአውስትራሊያ

በአውስትራሊያ ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ የሚማረው በካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ተማሪዎች ቤተሰቦች የእሑድ ቅዳሴ ስለማይሳተፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያገናኛቸው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ወላጅ የሃይማኖትን ትምህርት ለመምህሩ ትቶ ተመልካች ይሆናል፤ ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስም ግንኙነቱ አብሮ ያበቃል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የልጆች ቀዳሚና ዋነኛ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስገንዝቧል። በዚሁ መንፈስ፣ በአውስትራሊያ በብዙ ሀገረ ስብከቶች ልጆች ለንስሐ፣ ለሜሮንና ለመጀመሪያ ቁርባን ሲዘጋጁ ሥራው በሦስት ይከፈላል። ቁምስናው፣ ማለትም የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ዝግጅቱን ይመራል፤ ወላጅ በቤቱ ከልጁ ጋር ይጸልያል፣ ይወያያል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በክፍል ትምህርት ያግዛል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጭዎች ቁም ነገሩ ይህ የሥራ ክፍፍል ነው። ወላጅ የሚጠራው ንግግር ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ተመልሶ ለመምጣት ምክንያት አያገኝም፤ በቤቱ የሚፈጽመው ተግባር ሲሰጠው ግን ድርሻውን ይገነዘባል። በትምህርት ቤቶቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ልጆችም ስለሚማሩ፣ ጥሪው የማንንም ኅሊና የማያስገድድ ሊሆን ይገባል።